ተጣጣፊ ሆኖ የማይታጠፍ፦ ካርቦን ስለተለወሰባቸው ፖሊመሮችና ስለ ማሞቂያ ቃላት አሰያየም

1. መነሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በደሴ ከተማ የሚኖሩ አንድ የሥራ ባልደረባችን፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የአጠቃቀም መመሪያ ረቂቅ እንድናርምላቸው ላኩልን። መመሪያው የሚገልጸው ዕቃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከወገብ ወይም ከጉልበት ላይ ተደርጎ ሕመም የሚያስታግሥ ስስ የማሞቂያ ምንጣፍ ነው። የረቂቁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ይህ ዕቃ ካርቦን የተሞላ ተጣጣፊ የማሞቂያ ንጥረ ነገር ነው» ይላል። ከዚያ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ በደማቅ ቀለም «ማጠፍ ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰፍሯል።

ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ዕቃው ተጣጣፊ ከሆነ ማጠፍ ስለ ምን ይከለከላል? ማጠፍ የሚከለከል ከሆነስ ተጣጣፊ መባሉ ስለ ምን ነው? አንባቢው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ተጣጣፊ የሚለውን ካመነ ዕቃውን እንደ ጋቢ አጥፎ ይተኛበታል፤ ክልክል ነው የሚለውን ካመነ ደግሞ ከጉልበቱ ዙሪያ ሊያስጠጋው ይፈራል። የመጀመሪያው ገላን ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ዕቃውን ከንቱ ያደርገዋል።

ተርጓሚውን በስንፍና ልንወቅሳቸው አይገባም። የተጠቀሙባቸው ቃላት ሁሉ በመዝገበ ቃላት የሚገኙ፣ በትምህርት ቤትም የሚሠራባቸው ናቸው። ስሕተቱ የመጣው ቃሉ ከቃል ጋር ሲዛመድ፣ ቃሉ ከነገሩ ጋር ስላልተዛመደ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንገልጻለን፤ ቀጥሎም በረቂቁ ውስጥ ያሉትንና ከእነሱ ጋር የሚቀራረቡትን ቃላት አንድ በአንድ እንመረምራለን፤ በመጨረሻም በበኩላችን ይሻላሉ ያልናቸውን አቻዎች ለአንባብያን ፍርድ እናቀርባለን።

2. ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ኤሌክትሪክ እንዴት ሙቀት እንደሚሰጥ ለማስረዳት ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር በተበጀ ቦይ ውስጥ የተጠማዘዘ ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ኮረንቲን ያሳልፋል፤ ሆኖም በቀላሉ አያሳልፍም፤ ይገታዋል። ኮረንቲው ያን መገታት አልፎ ለመሄድ የሚያጠፋው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። የመገታቱን ሕግ ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ.፣ የሙቀቱን ሕግ ደግሞ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። በአገራችን መሥመር 220 ቮልት ላይ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ቢኖር የሽቦው ገቺነት ወደ 14 ኦም ይሆናል ማለት ነው። በአንጻሩ 484 ኦም ገቺነት ያለው ሽቦ ከዚያው መሥመር ላይ የሚሰጠው 100 ዋት ብቻ ነው። ገቺነት ሲጨምር በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ይህ ነጥብ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢው ልብ እንዲለው እንሻለን።

ሽቦ ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ የሚሞቀው እርሱ ባለፈበት መሥመር ብቻ ስለሆነ ሙቀቱን በሰፊው የሚያዳርስለት ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ በምጣድ ይህን የሚያደርገው ሸክላው ነው። ሁለተኛ፣ ደጋግሞ ሲጎብጥና ሲቃና ይበጠሳል። ከአንድ ቦታ ከተበጠሰም ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ በጨርቅ ላይ ለሚሰፋ፣ በመኪና ወንበር ውስጥ ለሚገባ ወይም በቧንቧ ላይ ለሚጠመጠም ማሞቂያ፣ ሽቦን የሚተካ፣ መላ ገጹ የሚሞቅ ነገር ተፈለገ።

የተገኘው መፍትሔ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ማገናኘት ነው። አንደኛው ፖሊመር ነው። ፕላስቲክና ጎማ የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ይለሰልሳሉ፣ ይጎብጣሉ፣ ኮረንቲን ግን አያሳልፉም፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በእነሱ የሚሸፈነውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ካርቦን ነው። ካርቦን ኮረንቲ ማሳለፉን ማንም የእርሳስ ፍሬ ይዞ ሊፈትነው ይችላል። (እዚህ ላይ በቅንፍ የምናነሣው ነገር አለ። አማርኛችን መጻፊያውንም ብረቱንም «እርሳስ» ስለሚል፣ ብዙ ተማሪ መጻፊያው ውስጥ ያለው ብረት ይመስለዋል። በውስጡ ያለው ግን ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ዓይነትና ሸክላ አፈር ተዋሕደው የተጠበሱበት ነው።)

የካርቦን ደቃቅ ብናኝ በቀለጠ ፕላስቲክ ወይም ባልጠነከረ ጎማ ውስጥ ተለውሶ ሲጠነክር፣ ብናኙ በመላው አካል ውስጥ ይበተናል። ብናኙ ጥቂት ከሆነ እያንዳንዱ ቅንጣት በፖሊመር ተከቦ ለብቻው ስለሚቀመጥ ኮረንቲ መንገድ አያገኝም። ብናኙ እየበዛ ሲሄድ ግን አንድ ወሰን ላይ ይደረሳል። በዚያ ወሰን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ሰንሰለት ይሠራሉ። ያን ጊዜ ለውጡ ቀስ በቀስ አይመጣም፤ ጥቂት ካርቦን ሲታከል ገቺነቱ በሚሊዮንና ከዚያም በላይ እጥፍ ዝቅ ይላል። ለተራው ካርቦን ጥላሸት ይህ ወሰን ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ እጅግ ቀጫጭን ለሆኑት የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ግን ከ1 በመቶ ሊያንስ ይችላል።

በዚህ መንገድ የተሠሩ ማሞቂያዎች ዛሬ በብዙ ቦታ ይገኛሉ። ራሳቸውን የሚገቱ የማሞቂያ ገመዶች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅና በውሃ ቧንቧዎች ላይ ተዘርግተዋል። በደቡብ ኮርያ «ኦንዶል» የተባለውን ጥንታዊ የወለል ማሞቂያ ልማድ በመከተል፣ ካርቦን ያለበት ቀለም የታተመበት ስስ የፕላስቲክ ገጽ ከወለል በታች ይነጠፋል። የሲሊኮን ጎማ ማሞቂያዎችም በሕክምናና በፋብሪካ ይሠራባቸዋል። ሆኖም ገደባቸው መታወቅ አለበት። ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ እንደ ዓይነቱ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠነ ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር ለወገብና ለወለል ይበጃል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። እንደ ደሴ ባለ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ግን የሌሊቱን ብርድ የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

3. የቃላት ምርመራ

ሀ) ጥምር ቁስ

የሁለቱ ነገሮች መገናኘት በእንግሊዝኛ «ኮምፖዚት» ይባላል። ለዚህ አቻ ስንፈልግ አማርኛ አራት ተቀራራቢ ቃላትን ያቀርብልናል፤ ውህድ፣ ድብልቅ፣ ቅይጥና ጥምር። በሳይንስ ትምህርት ሦስቱ ቀደም ብለው ሥራ ይዘዋል። ውህድ ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው ጠባያቸውን የለወጡበት ነው፤ ውሃ ውህድ ነው። ድብልቅ ነገሮች ጠባያቸውን ሳይለውጡ በአንድ ላይ የሚገኙበት ነው፤ ስንዴና ገብስ በአንድ ቁና ቢሰፈሩ ድብልቅ ናቸው። ቅይጥ ደግሞ ብረት ከብረት ጋር ቀልጦ የሚቀላቀልበት ነው፤ ነሐስ ቅይጥ ነው።

ኮምፖዚት ከሦስቱም ይለያል። ክፍሎቹ ጠባያቸውን አይለውጡም፤ ስለዚህ ውህድ አይደለም። ነገር ግን እንደ ስንዴና ገብስ ተበጥረው አይለያዩም፤ አንዱ ሌላውን ይዞ፣ ለየብቻቸው የሌላቸውን ጠባይ ያወጣሉ። ለዚህ የገበሬ ቤት ግድግዳ በቂ ማስረጃ ነው። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን አይቆምም። ጭድ ያለበት ጭቃ ግን ዓመታት ይቆማል። ጭዱ ጭድ ነው፤ ጭቃውም ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ግን ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው። ለዚህ እስካሁን በሳይንሱ ክፍል ብዙም ያልተያዘው «ጥምር» ነፃ ስለሆነ «ጥምር ቁስ» እንዲባል እናሳስባለን። የሚይዘውን ክፍል፣ ማለት ጭቃውን ወይም ፖሊመሩን፣ «አቃፊ» ብንለው ይስማማዋል። እንግሊዝኛው የተጠቀመበት «ማትሪክስ» የተባለው ቃል በላቲን ከማኅፀን ጋር የተያያዘ ነው፤ እኛ ግን ማኅፀንን እዚህ ውስጥ የምናስገባበት ምክንያት የለም።

ለ) የተሞላ ወይስ የተለወሰ

የረቂቁ «ካርቦን የተሞላ» የሚለው ሐረግ የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ግልባጭ ነው። በአማርኛ «የተሞላ» ሲባል ግን በአእምሮ የሚመጣው ባዶ የነበረ ነገር ነው። ትራስ ጥጥ ይሞላል፤ ጉድጓድ አፈር ይሞላል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ይሞላል። ስለዚህ «ካርቦን የተሞላ ፖሊመር» የሚለውን የሚያነብ ሰው፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ የታጨቀ ከሰል ወይም በቱቦ የገባ ብናኝ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይህን ያሰበ ሰው ዕቃው ቢቀደድ ካርቦኑ ይፈስሳል ብሎ ይሠጋል፤ ካልፈሰሰ ደግሞ አልተበላሸም ብሎ ይጠቀምበታል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ለሥራው የሚስማማው ግሥ በየወጥ ቤቱ አለ፤ ለወሰ የሚለው ነው። ደረቅ ዱቄት ከእርጥብ ነገር ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ማሸት መለወስ ይባላል። የገብስ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ ጭኮ ይሆናል። ዱቄቱ ዱቄት መሆኑን፣ ቅቤውም ቅቤ መሆኑን አልተወም፤ ነገር ግን ከየትኛውም ጥግ ቢቆረስ ሁለቱም ይገኛሉ። በፋብሪካ ካርቦንና ፖሊመር በሚገናኙበት ማሽን ውስጥ የሚደረገውም በትክክል ይኸው ነው። ስለዚህ «ካርቦን የተለወሰበት ፖሊመር» በረዥሙ፣ «ካርቦን ልውስ ፖሊመር» በአጭሩ ቢባል ሐሳቡ ይሟላል። ራሱ የሚለወሰው ነገር በእንግሊዝኛ «ፊለር» የሚባለው ሲሆን «ልዋሽ» ወይም «ሙሌት» የሚሉ ሐሳቦች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከውሸት ጋር ስለሚምታታ፣ ሁለተኛውም ከላይ በተነቀፈው ምክንያት አይመረጡም። «ተለዋሽ» ቢባል ግን ከግሡ ጋር ስለሚሄድ አንባቢን አያስቸግርም።

ሐ) ጥላሸት፣ ጥቀርሻና ከሰል

ተለዋሹ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ «ካርቦን ብላክ» የሚባለው ነው። ይህ ዘይት ወይም ጋዝ አየር ሳይበቃው ሲነድ የሚገኝ፣ እጅግ የደቀቀ ጥቁር ብናኝ ነው። በዓለም ከሚመረተው አብዛኛው ለመኪና ጎማ ይውላል፤ ጎማ የጠቆረውም በእርሱ ነው። «ጥቁር ካርቦን» የሚለው ግልባጭ አይረዳም፤ ከሰሉም ግራፋይቱም ጥቁር ነውና። ከሰል ራሱ እንጨት ወይም ከመሬት የሚቆፈር ነዳጅ ስለሆነ ከዚህ ይለያል። ጥቀርሻ በጣሪያና በማገር ላይ ከጢስ ጋር የሚጋገር፣ ቅባት ያለበት ነገር ነው። ጥላሸት ግን ከድስትና ከምጣድ ሥር በእጅ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ነው። ከሦስቱ የሚቀርበው ጥላሸት መሆኑ አያጠራጥርም።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ቃሉን የተቃወሙት ክፉ ትዝታ አለው በማለት ነው። በእርግጥም የሰውን ስም ማጥፋት «ጥላሸት መቀባት» ይባላል። ሆኖም ጥላሸት ከጥንት ጀምሮ በክብር ሥራ ላይ የዋለ ነገር ነው። ከደሴ ብዙ ሳይርቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በሌሎቹም አድባራት፣ የብራና ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸትና ከአረረ እህል ነበር። በወሎ የቁርአን ቤቶችም ደረሳው በሉህ ላይ የሚጽፍበት ጥቁር ቀለም ከዚሁ ወገን ነው። ብናኙን የሚያያይዝ ሙጫ ሲታከልበት ደግሞ ቀለሙ አቃፊና ተለዋሽ ያለው ጥምር ቁስ ይሆናል። ጥላሸትን አስቦ ማዘጋጀት ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ስላልሆነ «ካርቦን ጥላሸት» የሚለው ስም ያለ ኀፍረት ሊሠራበት ይገባል።

መ) የመያያዝ ደፍ

ቅንጣቶቹ በድንገት ተያይዘው መንገድ የሚከፍቱበት ወሰን በእንግሊዝኛ ፈሳሽ በቀዳዳ ውስጥ ከመስረግ በተወሰደ ቃል ይጠራል። ቃሉን የሂሳብ ሊቃውንቱ ብሮድቤንትና ሐመርስሊ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሥራ አስይዘውታል። «የስርገት ወሰን» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን እዚህ የሚሰርግ ፈሳሽ የለም፤ ያለው የቅንጣት መያያዝ ነው። ወሰን የሚለው ቃልም ድንበርን እንጂ ድንገተኛ ለውጥን አያሳይም። በአማርኛ የበር ደፍ አለ። ከደፉ ወዲህ ውጭ ነው፤ ከደፉ ወዲያ ቤት ነው፤ መካከል የለውም። ስለዚህ «የመያያዝ ደፍ» የሚለውን እናቀርባለን።

ደፉ በተለዋሹ ቅርጽ መለያየቱንም በቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የበሶ ዱቄት እንዲያያዝ ብዙ መሆን አለበት። የተነደፈ ጥጥ ግን፣ ማለት ባዘቶ፣ ጥቂት ፍሬ ጥጥ ሆኖ ሳለ መሶብ ይሞላል፤ ከአንድ ጫፍ ቢሳብ ሌላው ጫፍ ይከተላል። ክብ መሰሉ ጥላሸት እንደ በሶው፣ ቀጭንና ረዥሙ ናኖ ቱቦ እንደ ባዘቶው ነው።

ሠ) ገቺነትና ራሱን የሚገታ ማሞቂያ

ኮረንቲን መግታት በእንግሊዝኛ «ሬዚስታንስ» የሚባለው ነው። «ተቃውሞ» ብንለው ሐሳቡን ወደ ፖለቲካ ይወስደዋል። «እገታ» ብንለውም በቅርብ ዓመታት ሰውን አፍኖ ለመውሰድ ሥራ ስለያዘ አይሆንም። «ገቺነት» ግን ከገታ የወጣ፣ የነገሩን ጠባይ የሚያሳይ ንጹሕ ቃል ነው።

ይህ ቃል ጥቅሙ የሚታየው ወደ ሌላው አስቸጋሪ ሐረግ ስንሻገር ነው። ካርቦን ልውስ ፖሊመር ሲሞቅ አቃፊው ያብጣል፤ በተለይም መቅለጫው ሲቃረብ እብጠቱ ይበረታል። ሲያብጥ ተያይዘው የነበሩት ቅንጣቶች ይለያያሉ፤ መንገዱ ይቆረጣል፤ ገቺነቱም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ገቺነት ሲጨምር ሙቀት እንደሚቀንስ በምጣዱ ሒሳብ አይተናል። ስለዚህ ዕቃው ሲግል ራሱን ይቀንሳል፤ ሲበርድ ደግሞ ቅንጣቶቹ ተመልሰው ይያያዛሉ። ይህን ጠባይ የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ሐረግ «ፖዘቲቭ» የሚል ቅጽል ስላለበት፣ ተርጓሚዎች «አዎንታዊ የሙቀት ውጤት» ሲሉት አጋጥሞናል። አዎንታዊ በአማርኛ መልካም ማለት እየሆነ ስለመጣ፣ አንባቢው «ጥሩ ሙቀት የሚሰጥ» ብሎ ይረዳዋል። በሐረጉ የተፈለገው ግን ሙቀትና ገቺነት በአንድ አቅጣጫ መሄዳቸው ብቻ ነው። ለሊቃውንት «ከሙቀት ጋር የሚያድግ ገቺነት»፣ ለተጠቃሚ ደግሞ «ራሱን የሚገታ ማሞቂያ» ቢባል ሁሉም የድርሻውን ያገኛል። ካርቦን ልውስ የሆነ ሁሉ ይህ ጠባይ አለው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ተርጓሚው በዋናው ጽሑፍ ያልተባለውን ከራሱ እንዳይጨምር ማስጠንቀቅ ይገባል።

ረ) አሟቂ አካል

«ኤለመንት» በኬሚስትሪ ንጥረ ነገር መባሉ የጸና ነው። የማሞቂያ «ኤለመንት» ግን የዕቃው አንድ ክፍል፣ ሙቀት የሚወጣበት አካል ማለት ነው። ወርቅና ካርቦን ንጥረ ነገር ናቸው፤ የምጣድ ሽቦ ንጥረ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ለሁለት ሐሳብ ቢጠቀም አማርኛም እንዲሁ ያድርግ የሚል ሕግ የለም። መላው ዕቃ «ማሞቂያ»፣ ሙቀት የሚወጣበት ክፍል «አሟቂ አካል» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል።

ሰ) ተጣጣፊ፣ ተለጣጭ፣ ለመጥ ባይ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በአማርኛ «ተጣጣፊ» የሚባለው በመገጣጠሚያው የሚታጠፍ ነው፤ ተጣጣፊ አልጋ፣ ተጣጣፊ ወንበር እንላለን። ጨርቅም ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ የእጥፋት መሥመር ይወጣለታል። «ተለጣጭ» ደግሞ ሲሳብ የሚረዝም ነው፤ የካልሲ ላስቲክ ተለጣጭ ነው። የማሞቂያው ምንጣፍ ግን ከሁለቱም አይደለም። ሳይሰበርና የእጥፋት መሥመር ሳያወጣ ይጎብጣል፤ ሲለቁትም ይቃናል።

ይህን ጠባይ በጉልህ የሚያሳየን መሣሪያ ደጋን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዚህ ስም የምትጠራ ደጋን የተባለች ከተማ አለች። በዚያ አልፈን ስንሄድ ረቂቁ በቦርሳችን ነበርና፣ የከተማዋ ስም የጥጥ መንደፊያውን ደጋን አሳሰበን። የምናነሣውም ስለ ቦታው ስም አመጣጥ ለመናገር ሳይሆን ለቃሉ ምሳሌነት ነው። የጥጥ መንደፊያ ደጋን ከጅማት ጋር ተወጥሮ ይጎብጣል፤ ጅማቱ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ ጥጡንም ባዘቶ ያደርገዋል። ሲጎብጥ አይሰበርም፤ ሲፈታም ይቃናል። አንድ ሰው ደጋኑን ቢያጥፈው ግን ደጋን መሆኑ ይቀራል። ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ «ደጋን ለመጥ ይላል እንጂ አይታጠፍም» ቢባል ወዲያው ይገባዋል። ለመጥ ማለት ልምጭ ከተባለው ቀጭን በትር ጠባይ ጋር የሚሄድ ሐሳብ ነውና።

በማሞቂያውም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ምንጣፉ በጉልበት ዙሪያ ለመጥ ሲል ቅንጣቶቹ እንደተያያዙ ይቆያሉ። ሲታጠፍ ግን ሁለት ክፉ ነገር ይደርሳል። በእጥፋቱ መሥመር ላይ ቁሱ ሊሰነጠቅና የቅንጣቶቹ ሰንሰለት ሊቆረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮረንቲው በቀረችው ጠባብ መንገድ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ ያ ቦታ ብቻውን ይግላል። ከዚህም በላይ ሁለት የሚሞቁ ገጾች ተደራርበው ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዕቃው ራሱን የሚገታ ካልሆነ የሚቆጣጠረው የለም። እንግዲህ «ተጣጣፊ» የሚለው አንድ ቃል አንባቢውን ወደዚህ አደጋ እየጋበዘ፣ ከሁለት መስመር በኋላ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ራሱን እንደሚቃረን ንግግር ይታይበታል።

«ለመጥ ባይ» የሚለው አቻ ለጆሮ ጥቂት እንግዳ መሆኑን አንክድም። ሆኖም «ዝቅ ባይ»ን የመሳሰሉ ቅጽሎች በቋንቋችን ስለሚኖሩ አፈጣጠሩ ከሰዋስው ውጭ አይደለም። ቃሉ ለጊዜው ቢከብድ እንኳ «ለመጥ የሚል» ብሎ መፍታት ይቻላል። «ተጣጣፊ»ን ግን በዚህ ቦታ ላይ መተው ግዴታ ነው እንላለን።

4. ማጠቃለያ

ከላይ የተመረመሩትን ለአጠቃቀም እንዲመች እንደሚከተለው እንሰበስባቸዋለን።

ጥምር ቁስ፦ ክፍሎቹ ጠባያቸውን ሳይለውጡ ተያይዘው አዲስ ጠባይ የሚያወጡበት ቁስ።
አቃፊ፦ በጥምር ቁስ ውስጥ ሌላውን ክፍል የሚይዘው።
ተለዋሽ፦ በአቃፊው ውስጥ የሚበተነው።
ካርቦን ልውስ ፖሊመር፦ ካርቦን የተለወሰበት ፖሊመር።
ካርቦን ጥላሸት፦ ለፋብሪካ ሥራ ተብሎ የሚዘጋጅ ደቃቅ የካርቦን ብናኝ።
የመያያዝ ደፍ፦ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ኮረንቲ ማሳለፍ የሚጀምሩበት መጠን።
ገቺነት፦ ኮረንቲን የመግታት ጠባይ።
ራሱን የሚገታ፦ ሲግል ገቺነቱ እያደገ ሙቀቱን የሚቀንስ።
አሟቂ አካል፦ በማሞቂያ ውስጥ ሙቀት የሚወጣበት ክፍል።
ለመጥ ባይ፦ ሳይታጠፍና ሳይሰበር ጎብጦ የሚቃና።

ካርቦን፣ ፖሊመር፣ ግራፋይት፣ ኮረንቲ፣ ቮልትና ኦም የተባሉትን እንደ ውሰት ቃላት እንዳሉ ትተናቸዋል። ሁሉን በግዕዝ ሥር መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ሕዝብ የያዘውን ቃል መንጠቅ የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም። የእኛ ድካም የተፈለገው የውጭው ቃል በመጣባቸው ቦታዎች ሳይሆን፣ የራሳችን ቃል ያለ ቦታው በገባባቸው ቦታዎች ነው። ሞላ፣ ታጠፈ፣ ንጥረ ነገር፣ አዎንታዊ፤ ሁሉም አማርኛ ናቸው፤ አንባቢውንም ያሳሳቱት አማርኛ በመሆናቸው ነው። እንግዳ ቃል የገጠመው ሰው ይጠይቃል፤ የሚያውቀው የመሰለው ቃል የገጠመው ግን ሳይጠይቅ ያልፋል።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ የሳይንስ ቃላት ጉዳይ ከሥራዎቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል፤ በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚያ ድካም ፍሬ ነው። ሥራው ግን በአንድ መጽሐፍ አያልቅም። ኮምቦልቻን በመሰለ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ በተመረቀበት ከተማ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ የሥራው ንግግር በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ተርጓሚ ነው። ተርጓሚውም ቃል ሲያጣ ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ጭቃ የሚያቦካውን፣ ጭኮ የሚለውሰውንና ጥጥ የሚነድፈውን ሰው ሥራ ቢመለከት ብዙ ያተርፋል።

ለባልደረባችን የመለስንላቸው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ማሞቂያ አሟቂ አካሉ ካርቦን ከተለወሰበት ጎማ የተሠራ ነው። በገላ ላይ ለመጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አይታጠፍም። የታጠፈ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ግሎ ሊያቃጥል ይችላል።» ከመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይረዝማል፤ እርሱም ምክንያቱን የሚናገረው ነው። ከእነዚህ የተሻሉ አቻዎች ያሏቸው አንባብያን፣ በተለይም በሥራው ላይ ያሉ መሐንዲሶችና ባለ ሙያዎች፣ ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን ቃላቱን ዳግመኛ ለመመርመር ዝግጁ ነን።